ክለቡ የማን ነው?

በጆሃንስበርግ የካይዘር ቺፍስ ደጋፊ የሆነ ጎረቤት ወይም ደንበኛ ያለው ወገን ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2020 ከተነሣ ጨዋታው ፈረሰ። ስለ ዳኛውም፣ ስለ አሠልጣኙም፣ ስለ ኦርላንዶ ፓይሬትስም ሲከራከር የዋለ ሰው ያ ቀን ሲጠራበት ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ወሬ ይለውጣል። ከእኛም መካከል የፋሲል ከነማ ደጋፊዎች የ2012 ዓመተ ምሕረቱ ውድድር ሲነሣባቸው እንዲሁ ናቸው። አንዱ ክለብ እስከ መጨረሻው ቀን መርቶ ዋንጫውን አጣ፤ ሌላው እየመራ ሳለ ውድድሩ ራሱ ጠፋበት።

ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል። ታዲያ ይህን አሁን ማንሣት ለምን አስፈለገ? የሚል አንባቢ ይኖራል። ያነሣነው ለእንጉርጉሮ አይደለም። ያ የኮሮና ወረርሽኝ ስለ ኳስ ብቻ ሳይሆን ስለ ማኅበርም አንድ ነገር ገልጦልን ሄዷልና ነው። ሁሉም ነገር ቀጥ ባለበት ሰዓት የእያንዳንዱ ክለብ መሠረት ምን እንደሆነ ታየ። ደህና ቀን የሸፈነውን ክፉ ቀን ገለጠው። ጥያቄውም አጭር ነው፤ ለመሆኑ ክለቡ የማን ነው?

እስቲ ከደጃችን እንጀምር።

ካይዘር ቺፍስ የተመሠረተው በጃኑዋሪ 1970 ነው። መሥራቹ ካይዘር ሞታውንግ የሶዌቶ ልጅ ነው፤ አሜሪካ ሄዶ ለአትላንታ ቺፍስ ተጫውቶ ሲመለስ የራሱን ስም ከዚያ ክለብ ስም ጋር አጋብቶ ይህን ቡድን አቆመ። በሰው አገር ሠርቶ፣ ስም ይዞ ተመልሶ፣ በሰፈሩ ተቋም የተከለ ሰው ታሪክ ስለሆነ ለእኛ ለስደተኞች ጆሮ የሚገባ ታሪክ ነው። እንግዲህ በ2020 ክለቡ የ50 ዓመት ኢዮቤልዩውን የሚያከብርበት ዓመት ነበር። ከ2015 ወዲህ የሊግ ዋንጫ አላነሣም ነበርና ደጋፊው ዋንጫውን ለልደት ስጦታ ቆጥሮት ነበር። በጀርመናዊው ኤርንስት ሚደንዶርፕ የሚመራው ቡድንም ሰንጠረዡን ከላይ ሆኖ ወራት አስቆጠረ።

ማርች 5 ቀን 2020 በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ። ማርች 15 ቀን መንግሥት አገሪቱ በአደጋ ላይ መሆኗን አወጀ። በማግሥቱ ማርች 16 ቀን የፕሪሚየር ሊጉ ሊቀ መንበር አይርቪን ኮዛ ውድድሩ መቆሙን አስታወቁ። ቺፍስ በዚያን ቀን ማሜሎዲ ሰንዳውንስን በአራት ነጥብ ይመራ ነበር። ከዚያ ማርች 26 ቀን እኩለ ሌሊት ላይ አገሩ ሁሉ ተዘጋ።

ኳሱ የተመለሰው በኦገስት 2020 ነው። የቀሩት ጨዋታዎች ሁሉ እዚሁ ጋውቴንግ ውስጥ ብቻ እንዲካሄዱ ተወሰነ። ቡድኖቹ ከሕዝብ ተነጥለው፣ እየተመረመሩ፣ ከማደሪያ ወደ ሜዳ ከሜዳ ወደ ማደሪያ እየተመላለሱ፣ ያለ አንድ ተመልካች ተጫወቱ። ወገኖቼ፣ ቺፍስን ያለ ተመልካች አስቡት። ጥቁርና ወርቃማ የለበሰው ሕዝብ፣ ቩቩዜላው፣ ዘፈኑ በሌለበት ሜዳ ኳስ ስትመታ ድምፁ ይሰማል፤ አሠልጣኙ ሲጮኽ ቃሉ ሳይቀር ይለያል። የሕዝብ ክለብ የሚባለው ከሕዝቡ ተለይቶ ለዋንጫ ሲጫወት ያየነው ያኔ ነው።

የአራት ነጥቡ ልዩነት ቀስ በቀስ ተበላ። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ቺፍስና ሰንዳውንስ በነጥብ እኩል ነበሩ፤ ቺፍስ የሚበልጠው በግብ ክፍያ ብቻ ነበር። ሴፕቴምበር 5 ቀን ሁለቱም በአንድ ሰዓት ሜዳ ገቡ። ሰንዳውንስ ብላክ ሌፐርድስን 3 ለ 0 አሸነፈ። ቺፍስ በካማ ቢሊያት ግብ ባሮካን ሲመራ ቆይቶ አቻ ሆነበትና 1 ለ 1 ወጣ። ሰንዳውንስ 59፣ ቺፍስ 57 ነጥብ። ዓመቱን ሙሉ የመራው ክለብ በመጨረሻው ቀን ሁለተኛ ሆነ። ከቀናት በኋላም ሚደንዶርፕ ተሰናበቱ።

ይህ መራራ ነው፤ ግን በሜዳ የተወሰነ ነው። ቺፍስ አልተዘረፈም፤ ተሸነፈ። የተሸነፈ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። ክለቡም፣ ስሙም፣ ደጋፊውም፣ ናቱሬና ያለው መለማመጃ ሜዳውም እንዳለ ቆየ። በ2025ም ፓይሬትስን 2 ለ 1 አሸንፎ የኔድባንክን ዋንጫ አነሣ። አሥር ዓመት የጠበቀ ደጋፊ በሶዌቶ ጎዳና ሲጨፍር ብዙዎቻችን አይተናል።

የባሰው ነገር የደረሰው ሌላ ሰፈር ነው። ብራምፎንቴይን።

ዊትስ በ1921 ከዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የበቀለ ክለብ ነው። በኋላ ቢድቬስት የሚባለው ትልቅ የንግድ ኩባንያ ስሙን አክሎበት ቢድቬስት ዊትስ ተባለ። በ2017 በአሠልጣኝ ጋቪን ሃንት ዘመን የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫውን ወሰደ። ለእኛም እንግዳ ክለብ አልነበረም። በ2013 ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅቶ እዚህ አገር ሲመጣ፣ ከጄፒ መንገድ አውቶቡስ እየተከራየን ወደ ምቦምቤላ የነጎድን ጊዜ የሚረሳ የለም። አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ያገባት የአቻነት ግብ ገና ጆሯችን ላይ አለች። ጌታነህ ከበደም በዚያው ዓመት ከደደቢት ወደ ዊትስ መጣ። ፍቅሩ ተፈራም በፓይሬትስና በሱፐርስፖርት ዩናይትድ ማልያ ከታየ በኋላ የዊትስን ለብሷል። ከዚያ በፊት የክለቡን ስም የማያውቅ የእኛ ሰው እንኳ ለወገኑ ሲል ሚልፓርክ ሜዳ ገብቶ አጨብጭቧል።

ሜዳ በተዘጋበት በጁን 2020 ቢድቬስት ዊትስ መሸጡ ተሰማ። የገዛው ከሊምፖፖ የመጣ ቲቲኤም የሚባል ክለብ ነው። እዚህ ላይ የዚህን አገር ደንብ የማያውቅ አንባቢ ግር እንዳይለው ነገሩን እናብራራ። በደቡብ አፍሪካ ፕሪሚየር ሊግ የሚሸጠው ሜዳውና ማልያው አይደለም፤ በሊጉ ውስጥ ያለው ቦታ ነው። ገዢው ያንን ቦታ ይዞ ስሙን ይለውጣል፤ ከተማውንም ይለውጣል። ሻጩ ክለብ ግን በወረቀት ላይ ያበቃል። የሊጉ ማጽደቅ ያስፈልጋል እንጂ ደጋፊውን «ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልክ እንደ ሱቅ ነው። የተከራዩት ሱቅ ቁልፍ ሲሸጥ ደንበኛ ይጠየቃል እንዴ?

የዊትስ ተጫዋቾች በኦገስት ወደ ሜዳ የተመለሱት ክለባቸው እንደሌለ እያወቁ ነው። ያም ሆኖ አራተኛ ሆነው ጨረሱ። ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሳይሰናበታቸው፣ መቶ ዓመት ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው ክለብ ተዘጋ። አባቱ ደግፎ ልጁን ያስከተለ ሰው የመጨረሻውን ጨዋታ በቴሌቪዥን አየ። የገዛውም ክለብ ቢሆን አልበረከተለትም፤ በ2021 እንደገና ተሸጦ ማሩሞ ጋላንትስ ተባለ።

ዊትስ ብቻውን አይደለም። በዚያው በ2020 የውድድር ዓመት ማብቂያ ሃይላንድስ ፓርክም ቦታውን ለቲኤስ ጋላክሲ ሸጠ። በ1947 የተመሠረተው የሶዌቶው ሞሮካ ስዋሎውስ በ2024 ቦታው ተሸጠ። ሱፐርስፖርት ዩናይትድ ደግሞ በ2025 ለሲዌሌሌ ተሸጦ ወደ ብሉምፎንቴይን ሄደ። እንግዲህ ፍቅሩ ከለበሳቸው ማልያዎች ሁለቱ ዛሬ በቁም ሣጥን ብቻ የሚገኙ ናቸው። ኮሮና ዊትስን ገደለው ማለት ግን ትክክል አይሆንም። ዊትስ ከመሞቱ በፊትም የሚሸጥ ነበር። ወረርሽኙ ያደረገው ነገር ቢኖር ግብይቱ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ለቅሶ በሌለበት እንዲፈጸም ሆነ።

አሁን ወደ አገር ቤት እንሻገር። እዚያ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነውና።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘው ማርች 13 ቀን 2020 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ስብሰባ ሲታገድ የስፖርት ውድድርም ቆመ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ30 ሳምንት 17 ሳምንት ተጫውቶ ነበር። አናት ላይ የተቀመጠው ፋሲል ከነማ ነው። ይህ የጎንደር ክለብ በ2008 ዓመተ ምሕረት ወደ ትልቁ ሊግ ካደገ ወዲህ ዋንጫውን በቅርብ እያየ ሲያመልጠው የኖረ ነው። ዘንድሮስ የእኛ ነው የተባለበት ዓመት ነበር። በሜይ 2020 መጀመሪያ ላይ ግን ፌዴሬሽኑ ውድድሩን ሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፤ ወራጅም የለም። እንዳልተጫወተ ተቆጠረ።

ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? በጊዜው ብዙ ተወዛግበንበታል። ዓለምም በአንድ ድምፅ አልተናገረም። ፈረንሳይ ውድድሩን አቋርጣ ለፓሪስ ሴንት ዠርሜን ዋንጫውን ሰጠች። ሆላንድ አቋርጣ ለማንም አልሰጠችም። እንግሊዝ ጠብቃ በጁን ቀጥላ ሊቨርፑልን አነገሠች። ኢትዮጵያ የሆላንድን መንገድ ተከተለች፤ ደቡብ አፍሪካ የእንግሊዝን።

ልዩነቱ የጥበብ ብቻ አይምሰለን። የገንዘብም ነው። የዚህ አገር ሊግ ከቴሌቪዥን ጋር ውል አለው። ጨዋታው ካልተላለፈ ገንዘቡ ይጓደላል፤ ገንዘቡ ከተጓደለ ክለቦች ደመወዝ አይከፍሉም። ስለዚህ ያለ ተመልካችም ቢሆን መጫወት ያዋጣል። በኢትዮጵያ ግን በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ውል አልነበረም። ብዙዎቹ ክለቦች የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በሚቆረጥላቸው በጀት ነው። ሆቴል ውስጥ ቡድኖችን ሰብስቦ፣ እየመረመሩ፣ 13 ሳምንት ማጫወት የማይታሰብ ነበር። ለኳስ ሲባል የሰው ሕይወት አደጋ ላይ አይጣልም ያለው ሰው እውነቱን ነው። ለድሃ ሊግ ክፉ ቀን እጥፍ ክፉ ነው ያለውም እውነቱን ነው።

ታዲያ ፋሲል ምን ሆነ? ተሸጠ? ስሙን ለወጠ? ወደ ሌላ ከተማ ሄደ? አንዱም አልሆነም። ጠበቀ።

በዲሴምበር 2020 አዲሱ ውድድር ሲጀመር ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር እየተመራ፣ መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ራንድበርግ ከሆነው መልቲቾይስ ጋር ለአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራርሞ ጨዋታው በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ። በበሽታው ምክንያት ክለቦቹ በየከተማቸው መመላለሱ ቀርቶ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንታት ተጫውተው ወደሚቀጥለው ይሄዱ ነበር። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በዚህ ዓመት በሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከአምስቱ ከተሞች አንዷም ጎንደር አይደለችም። የጎንደር ሕዝብ ክለቡ ሲነግሥ አንድም ቀን በሜዳው አላስተናገደውም። ቢሆንም ዋንጫው የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ ማለፍ የማይገባን ሐዘን አለ። ያ ሊግ የተጫወተው በ16 ሳይሆን በ13 ክለቦች ነው። በ2011 ዓመተ ምሕረት ሻምፒዮን የነበረው መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት አልነበሩም። ወረርሽኙ ያቆመውን ውድድር በኖቬምበር 2020 የተነሣው ጦርነት ለእነርሱ ጨርሶ ዘጋባቸው። የሻምፒዮኑን ደስታ ስንናገር የእነዚያን ሦስት ክለቦች ባዶ ቦታ አለመናገር ለስፖርት ሰው ነውር ነው። ተጫዋቾቻቸው ተበተኑ፤ ሜዳዎቻቸው ሌላ ነገር አዩ። ሆኖም ከአራት ዓመት በላይ ቆይተው በ2017 ዓመተ ምሕረት ሦስቱም ወደ ሊጉ ተመለሱ። በዚያው ስማቸው፣ በዚያው ከተማቸው ስም። ይህንን የሚያደርግ ወረቀት አይደለም። ቦታቸውን በልቡ ያስቀመጠላቸው ሰው በመኖሩ ነው።

በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ቡና የሚጫወተው ወጣት አቡበከር ናስር 29 ግብ አገባ፤ በአንድ ዓመት እንዲህ ያገባ በሊጉ ታሪክ አልነበረም። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይታይ ነበርና የጎረቤት ዐይንም አየው። በ2022 ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ቺፍስን በመጨረሻው ቀን የቀማው ሰንዳውንስ የእኛን ልጅ ሲያመጣ በዚህ ከተማ ያሉ አንዳንድ ወገኖች የልብ ዝውውር አድርገው ብጫ ማልያ ገዝተዋል ተብሎ ይቀለድባቸው ነበር። ጉዳት ቢያስቸግረውም መምጣቱ ብቻ ለብዙ ታዳጊ በር የከፈተ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ክለቡ የማን ነው?

«የግል ሀብታም የያዘው ይሸጣል፤ የሕዝብ የሆነው ይኖራል» ብሎ ነገሩን መቋጨት ቀላል ነበር። ግን እውነት አይሆንም። ሰንዳውንስ የሞትሴፔ ቤተሰብ ነው፤ ከሁሉም በላይ የጠነከረውም እርሱ ነው። ቺፍስም የሞታውንግ ቤተሰብ ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ ቆሟል። በአገር ቤት ደግሞ የግል ባልሆኑት መካከል የፈረሰ ሞልቷል። ዳሽን ቢራ ክለቡን አፍርሷል። ንግድ ባንክም የወንዶች ቡድኑን አፍርሶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ መልሶ አቋቁሞት በ2016 ዓመተ ምሕረት ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ሥራ አስኪያጅ በአንድ ፊርማ የሚያፈርሰው፣ ሌላው በአንድ ፊርማ የሚያቋቁመው ክለብ «የሕዝብ» ቢባልም የሕዝብ አይደለም።

እንግዲያው ቁም ነገሩ ባለቤቱ ግለሰብ ነው ወይስ መንግሥት ነው የሚለው ላይ አይደለም። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ክለቡ ሊፈርስ ሲል «አይሆንም!» ብሎ የሚነሣ ሰው ስንት ነው? የሞታውንግ ቤተሰብ ቺፍስን ልሽጥ ቢል ሶዌቶ በማግሥቱ በር ላይ ይቆማል። ጎንደር ፋሲልን አፍርሱ ብትባል የሚሆነውን መገመት ነው። በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ የጣሊያን ጦር አገር እየወረረ ሳለ በአራዳ ልጆች የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ስንት መንግሥት አልፎ ዛሬ የደረሰው በማን ሆነና? ዊትስ ግን ጥሩ ሜዳ ነበረው፤ ጥሩ አሠልጣኝ ነበረው፤ ገንዘብ ያለው ባለቤት ነበረው፤ ሲሸጥ በር ላይ የሚቆም ሕዝብ ብቻ አልነበረውም። ጥቂት ታማኝ ደጋፊዎቹ አለቀሱ። ጥቂት ሆነው ቀሩ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ወሬ ለእኛ ምናችን ነው? ብዙ ነገራችን ነው።

ያንን 2020ን በዚህ ከተማ እንዴት እንዳሳለፍነው እናስታውስ። ጄፒ መንገድ ጭር አለ። ሕንጻዎቹ ተዘጉ፤ ኪራዩ ግን አልተዘጋም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንዲት ሚኒስትር የሰማነው ስፓዛ ሱቅ የሚከፍቱት ደቡብ አፍሪካውያን ብቻ ናቸው የሚል ነበር፤ ከቀናት በኋላ ተሻሽሎ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋም ይሥራ ተባለ። የስደተኞች ጉዳይ ቢሮዎች በማርች 2020 ተዘግተው የወረቀት ማደሻው በኢንተርኔት የተጀመረው በኤፕሪል 2021 ነው። መንግሥት ለሥራ አጥ በሰጠው የ350 ራንድ ድጎማም ጥገኝነት ጠያቂ መጀመሪያ አልተካተተም፤ የስካላብሪኒ ማእከል ከስሶ በጁን 2020 የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት እንዲካተት እስኪያዝ ድረስ። በሌላ አነጋገር፣ ሰንጠረዡ ሲዘጋጅ የእኛ ስም አልነበረበትም።

ማን አቆመን? ዕድር አቆመን። ዕቁብ አቆመን። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የተሰበሰበው ዱቄትና ዘይት አቆመን። ግን እዚያም ላይ ልዩነት ታየ። መዝገብ ያለው፣ ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚወጣ፣ አባሉ በስም የሚታወቅ ዕድር በዚያ ጭንቅ ጊዜ ሬሣ አሳፍሯል፤ የታመመ ጠይቋል። በአንድ ባለ ሱቅ ቸርነት የሚንቀሳቀስ ማኅበር ግን ሱቁ ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እርሱም ተቸግሮ ነው። አንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲታመም ይወድቃል።

የእሑድ ኳሳችንም እንዲሁ ነው። በዚህ ከተማ ስንት ቡድን አቋቁመን ስንቱ ጠፋ? አንድ ለጋስ ሰው ማልያ ይገዛል፤ ስሙን ወይም የሱቁን ስም ያትምበታል፤ ሁለት ዓመት ደስ ብሎን እንጫወታለን። ከዚያ ሰውየው ወደ ኬፕታውን ይሄዳል፣ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ይሻገራል፣ ወይም ከአምበሉ ጋር ይጣላል። ቡድኑ በዚያው ይቀራል። እኛም ዊትስ ነን፤ ዩኒቨርሲቲ የሌለን ዊትስ። በሰሜን አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን የስፖርት ፌዴሬሽናቸውን በ1984 አቋቁመው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በየከተማው ይገናኛሉ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ዝግጅታቸው ሲሰረዝ ፌዴሬሽኑ አልሞተም፤ ምክንያቱም የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። ሲጣሉም፣ ሲከፋፈሉም፣ ሲታረቁም አይተናቸዋል፤ የሚጣሉበት ነገር መኖሩ ራሱ የጋራ ንብረት እንዳላቸው ያሳያል።

ስለዚህ ይህ ዓምድ የሚለው ከባድ ነገር አይደለም። ቡድን ያላችሁ ወንድሞች፣ ቡድኑን በአንድ ሰው ስም አታድርጉት። ለጋሹን አመስግኑ፤ ማልያው ጀርባ ላይ ስሙ ይጻፍ፤ ደረቱ ላይ ግን የጋራው ስም ይሁን። እያንዳንዱ ተጫዋችና ደጋፊ በወር ትንሽም ቢሆን ያዋጣ። ሃያ ራንድ የከፈለ ሰው ሃያ ራንድ ያህል ይቆጨዋል፤ ያልከፈለ አይቆጨውም። ሂሳቡን አንድ ደብተር ላይ ጻፉ፤ በሦስት ሰው ይፈረም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በሰው ፊት ይነበብ። ሹማምንቱን በዓመት ምረጡ፤ የወረደውንም አታባርሩት፤ ወንበር ስጡት። እዚህ የተወለዱትን ልጆች አስገቡ። ቺፍስና ፓይሬትስ ሲሉ የሚውሉት ልጆቻችን የአባቶቻቸውን ቡድን ስም የማያውቁት እኛ የሚጠራ ስም ስላላቆየንላቸው ነው። ሴት ልጆቻችንም ከሜዳ ዳር ሻይ ለማፍላት ብቻ አይቁሙ፤ ደብተሩን የሚይዙት እነርሱ ቢሆኑ ስንት ጭቅጭቅ በቀረልን!

ይህ በዕድሩም፣ በነጋዴዎች ማኅበሩም፣ በቋንቋ ትምህርት ቤቱም ያው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በየሠርጉና በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ ድሩን የሚፈትለው ግን ጥቂት ነው። ሌላ ወረርሽኝ፣ ሌላ ሁከት፣ ሌላ የተዘጋ ቢሮ አይመጣም ብሎ የሚምል ማን ነው? ሲመጣ ዋንጫ ልናጣ እንችላለን፤ ቺፍስም አጥቷል። ዓመቱ ሊሰረዝብን ይችላል፤ ፋሲልም ተሰርዞበታል። ሁለቱም ግን በሚቀጥለው ዓመት ሜዳ ላይ ነበሩ።

በሚመጣው እሑድ ሜዳ ስትሄዱ፣ ኳሱ ከመጀመሩ በፊት፣ ይህንን ጥያቄ ተጠያየቁ፤ ማልያውን የገዛው ሰው ነገ ቢሄድ ቡድኑ ማክሰኞ ይኖራል? መልሱ «እንጃ» ከሆነ ደብተሩ በዚያው ዕለት ይከፈት።